ይርጃ፣ 2014፦ የአንዲት የቱርክ ገበሬ መንደር ዓመት

የቱርክ የመንደር ሕግ የወጣው ሪፐብሊኩ ታውጆ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1924 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሩ 442 የሆነው ይህ ሕግ ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ያለውን ሰፈራ መንደር ይለዋል። ወረድ ብሎም መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ የግጦሽ መሬትና የማገዶ ደን የመሳሰሉ የጋራ ንብረቶች ያሏቸው፣ ተጠጋግተውም ሆነ ተራርቀው የሚኖሩ ሰዎች ከወይን ቦታቸው፣ ከጓሯቸውና ከእርሻቸው ጋር ሆነው አንድ መንደር ይሆናሉ ሲል ይደነግጋል። ሕግ አርቃቂዎቹ መንደርን ሲተረጉሙ ሰዎች በጋራ ከያዙት ነገር መነሣታቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። እኔም ስለ አንዲት መንደር ኑሮና ጠባይ ስጽፍ የምነሣው ከዚያው ነው፤ ሰዎቹ በጋራ ምን ነበራቸው፣ ምን ተወሰደባቸው፣ ምን ቀራቸው?

መንደሯ ይርጃ ትባላለች። በምዕራብ ቱርክ፣ ከኤጂያን ባሕር ገባ ብሎ በሚገኘው በማኒሳ ክፍለ ሀገር፣ በሶማ ወረዳ ውስጥ ናት። ነዋሪዎቿ ጥቂት መቶ ናቸው። የቱርክ ሰው ሶማ ሲባል ቶሎ የሚታወሰው ከሰል ነው። ከወረዳው አፈር ሥር ሊግናይት የተባለው ቡናማ የድንጋይ ከሰል ተኝቷል፤ በከተማይቱ ዳርቻ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው፣ በመንግሥት የተተከለው የኤሌክትሪክ ማመንጫም 990 ሜጋዋት የሚያመርተው ይህንኑ ከሰል እያነደደ ነው። ገበሬው ከላይ ያርሳል፣ ማዕድን ቆፋሪው ከሥር ይቆፍራል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

በ2014 በዚህች መንደር ላይ ሦስት ነገሮች ወረዱባት። መጋቢት 30 ቀን መንደር መሆኗ በሕግ ቀረ። ግንቦት 13 ቀን የወረዳው የከሰል ጉድጓድ 301 ሰው በላ። ኅዳር 7 ቀን ሲነጋ ደግሞ ወደ 6,000 የሚጠጉ የወይራ ዛፎቿ በመጋዝ ተቆርጠው ተገኙ። ከሦስቱ ዓለም ያወቀው የመጨረሻውን ነው፤ ሴቶች ፍሬው ገና ያልተለቀመለትን የወደቀ ግንድ አቅፈው ሲያለቅሱ የሚያሳዩት ፎቶግራፎች ብዙ ቦታ ደርሰዋልና። ሦስቱ አብረው ካልታዩ ግን የዛፎቹም ነገር በቅጡ አይገባም።

ከወይራው በፊት ትምባሆ ነበረ። የሶማና የአካባቢው መንደሮች ለረጅም ዘመን የኖሩት ቅጠሉ ትንሽ፣ መዓዛው ብርቱ የሆነውን የምሥራቅ ትምባሆ እያለሙ ነው። በቱርክ የትምባሆ አገሮች ይህ ሰብል የ13 ወር ሥራ ነው ይባላል። በእኛ ዘንድ 13 ወር ቢባል ከጳጉሜን ጋር የሚቆጠር አንድ ዓመት ነው፤ በእነርሱ ግን ዓመቱ ለሥራው አልበቃም ማለት ነው። አባባሉ አልተጋነነም። በክረምቱ መጨረሻ ዘሩ በመደብ ላይ ይፈስሳል፤ በጸደይ ችግኙ አንድ በአንድ ወደ ማሳው ይዛወራል። በበጋው ለቀማው ይመጣል፤ ከሥር ያለው ቅጠል ቀድሞ ስለሚደርስ አንዱ ተክል በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ ይለቀማል። ፀሐይ ሲወጣ ቅጠሉ ስለሚጠወልግ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሕፃናቱም ጭምር፣ በሌሊት ተነሥቶ በፋኖስ ወይም በባትሪ ብርሃን ይለቅማል። የትምባሆው ሙጫ እጅ ላይ ተለጥፎ ይጠቁራል፤ በቀላሉም አይለቅም። ጠዋት ሲሞቅ ሁሉም ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅጠሉን በረጅም ጠፍጣፋ መርፌ እየወጋ በሲባጎ ይሰካል። ሲባጎው በእንጨት አልጋ ላይ ተዘርግቶ በፀሐይ ይደርቃል። በመከር ቅጠሉ እየተለየ ይታሰራል። በክረምት ደግሞ የገዢው ባለሙያ መጥቶ እስሩን ያሸታል፣ በእጁ ይዳስሳል፣ ደረጃ ያወጣል፤ የቤተሰቡ የዓመት ገቢ በዚያች ቅጽበት ይወሰናል። ያን ጊዜ የሚቀጥለው ዓመት ዘር መደብ ላይ ሊፈስ ደርሷል።

ስለ ትምባሆው ይህን ያህል የዘረዘርኩት የመንደሯ ጠባይ የተገራው በዚህ ሥራ ስለሆነ ነው። ለቀማውና ቅጠሉን መሰካቱ ብዙ እጅ ይጠይቃል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይሠራል፣ ብድሩም በሥራ ይመለሳል። ቱርኮች ኢመጄ ይሉታል፤ የእኛ ገበሬ ደቦና ወንፈል የሚላቸውን ያውቃቸዋልና ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ሴቶቹ የሥራው ዋና ናቸው። ወንዶቹ በክረምት ምሽት በመንደሩ ቡና ቤት ሻይ እየጠጡ ዋጋ ያወራሉ፤ ቅጠሉ ሲሰካ ግን ሴቶቹ ከልጅነት እስከ እርጅና ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው የኖሩ ናቸው። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ለማን እንደታጨ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት የሚታወቀው እዚያ ነው። በሌሊት አብሮ መነሣት፣ በጨለማ አብሮ መሥራት፣ ተራ መያዝ ለእነዚህ ሴቶች እንግዳ ነገር አልነበረም። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ ላይ፣ በ2014 መከር፣ ያስፈልገናል።

ትምባሆው የቆመው ተካይ ጠፍቶ አይደለም። ተኬል የተባለው የመንግሥት ሞኖፖል ለገበሬው የሚተማመንበት ገዢ ነበረ፤ ዋጋው ቢያንስም ገዢ እንደማይጠፋ ይታወቅ ነበር። በ2002 የወጣው ቁጥሩ 4733 የሆነ ሕግ የመንግሥትን የድጋፍ ግዢ አስቀርቶ ገበሬውን ከነጋዴና ከኩባንያ ጋር በውል እንዲሠራ አደረገው። በ2008 የተኬል የሲጋራ ክፍል ለአንድ የእንግሊዝ የትምባሆ ኩባንያ ተሸጠ። አነስተኛ ማሳ ያለው ቤተሰብ ከኩባንያ ጋር በውል ሲደራደር ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ትምባሆ ተካዩ በጥቂት ዓመታት ተመናመነ፤ የገበሬ ልጆችም ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። የሶማ ማዕድን ቆፋሪዎች ብዛት ከዚህ የእርሻ ውድቀት ጋር የተያያዘ መሆኑን ከአደጋው በኋላ የተጻፉ ጥናቶች በሰፊው ያነሡታል። ግንቦት 13 ቀን 2014 በተነሣው እሳትና ጢስ ታፍነው ከሞቱት 301 ሰዎች መካከል ትምባሆ ሲሰኩ ያደጉ ብዙዎች ነበሩ። በቱርክ የማዕድን ታሪክ ከዚህ የከፋ አደጋ አልደረሰም።

መሬታቸውን ይዘው የቀሩት ወይራን ያዙ። ወይራ ከትምባሆ ፍጹም የተለየ ጸባይ አለው፤ ያዘገያል፣ ግን ይታገሣል። ችግኙ ደህና ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ይፈጃል፤ አንዴ ከቆመ ግን ከተከለው ሰው ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ይቆያል። አንድ ዓመት ሞልቶ ያፈራ ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት ያርፋል፤ ስለዚህ ባለ ወይራው ሁለት ዓመትን እንደ አንድ አድርጎ ማሰብ ይለምዳል። ለቀማው በመከር ነው። ከዛፉ ሥር መረብ ወይም ጨርቅ ይነጠፋል፣ ቅርንጫፉ በረጅም ዘንግ በቀስታ ይመታል፤ በኃይል ከተመታ የሚቀጥለውን ዓመት ቀንበጥ ይሰብራል። ፍሬው በጆንያ ታጭቆ ከዋለ ይሞቃል፣ የዘይቱም አሲድ ይጨምራል፤ ምርጥ የሚባለው ዘይት አሲዱ ከ0.8 በመቶ ማለፍ የለበትምና የተለቀመው በሣጥን ሆኖ ፈጥኖ ወደ መጭመቂያው መድረስ አለበት። ከሚወጣው ዘይት ለቤት ይቀመጣል፣ ከተማ ላሉ ልጆች በቆርቆሮ ይላካል፣ የተረፈው ይሸጣል። ለቁርስ የሚቀርበው ወይራ፣ ዳቦ የሚነከርበት ዘይት፣ ገላ የሚታጠቡበት ሳሙና ሁሉ ከዚሁ ዛፍ ነው።

የቱርክ ሕግ ለዚህ ዛፍ ልዩ ክብር ሰጥቶት ቆይቷል። በ1939 የወጣው ቁጥሩ 3573 የሆነ ሕግ የወይራ ልማትን ስለማሻሻልና የዱር ወይራን ስለማዳቀል፣ ማለትም የመልካም ዝርያ ቀንበጥ በዱሩ ግንድ ላይ ስለማጣበቅ፣ የተደነገገ ነው። ገበሬው በተራራው ላይ የበቀለውን የዱር ወይራ በመልካም ዝርያ እንዲያዳቅል፣ ያለማውንም ቦታ የራሱ እንዲያደርግ መንገድ ከፈተለት። የእኛ አገር ወይራ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለውና ጢሱ ለእንስራና ለጋን ማጠኛ የሚፈለገው፣ የዚያው የወይራ ዘር የዱር ወገን ነው፤ ለዘይት የሚሆን ፍሬ ግን አይሰጥም። እነርሱ ከዱሩ ወደ ዘይቱ የተሻገሩት በማዳቀል ነው። በ1995 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ከወይራ ቦታ በሦስት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ለዛፉ እድገት ጎጂ የሆነ ኬሚካዊ ዝቃጭ፣ አቧራ ወይም ጢስ የሚያወጣ ተቋም መትከል ተከለከለ። ይህን ለሚያነብ ሰው የይርጃ ወይራዎች በብረት አጥር የተከበቡ ያህል ናቸው። እንዴት ተቆረጡ ታዲያ?

መልሱ አስቸኳይ የመሬት ማስለቀቅ የተባለው አሠራር ውስጥ ነው። የቱርክ የመሬት ማስለቀቅ ሕግ ቁጥሩ 2942 ሆኖ በ1983 የወጣ ነው። በተለመደው መንገድ መንግሥት በቅድሚያ ከባለቤቱ ጋር ዋጋ ይደራደራል፤ ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ዋጋ ይተምናል፣ ከዚያ ንብረቱ ይዛወራል። አንቀጽ 27 ግን ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ለአገር መከላከያ በሚያስፈልግ ጊዜ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት (ከ2018 ወዲህ ፕሬዚዳንቱ) አጣዳፊ ነው ብሎ ሲወስን፣ ወይም በልዩ ሕግ በታወቀ ያልተለመደ ሁኔታ፣ ፍርድ ቤቱ በሰባት ቀን ውስጥ ዋጋ ያስገምታል፤ ገንዘቡ በባለቤቱ ስም ባንክ ይገባል፤ መሬቱም ይያዛል። ሌላው ክርክር የሚመጣው ከተያዘ በኋላ ነው። ለጦርነትና ለድንገተኛ አደጋ የታሰበ የሚመስለው ይህ በር በ2000ዎቹ በግል ኩባንያዎች ለሚሠሩ ግድቦች፣ የማዕድን ማውጫዎችና የኃይል ማመንጫዎች ደጋግሞ ተከፈተ። በ2014 ደግሞ ኮሊን የተባለ ድርጅት ሶማ ውስጥ 510 ሜጋዋት የሚያመነጭ የከሰል ጣቢያ ሊሠራ ሲነሣ ለይርጃ ወይራዎች ተከፈተ። መንደርተኞቹ መሬታቸው እንደተወሰነበት ያወቁት ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ከኩባንያው ወገን የሚነሣውን ክርክር ዝቅ አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። ቱርክ ከምትጠቀመው ኃይል አብዛኛውን ከውጭ በምንዛሪ የምትገዛ አገር ናት፤ በእጇ ያለው ሊግናይት ለመንግሥቷ ትልቅ ፈተና ነው። በሶማም ከሰል የብዙ ቤት እንጀራ ነው፤ የጣቢያውን መምጣት እንደ ሥራ ዕድል የተመለከቱ ሰዎች በወረዳው ነበሩ። ይርጃዎች ግን ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ከመንደራቸው ብዙ ሳይርቅ የቆመውን የድሮውን ማመንጫ ጢስና አመድ ለዓመታት ሲተነፍሱ ኖረዋል፤ ጉድጓዱ ከጎረቤቶቻቸው ቤት ስንት ሬሳ እንዳስወጣም በዚያው ዓመት አይተዋል። ከሰሉን እምቢ ያሉት ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ወይራው ለልጆቻቸው ከጉድጓዱ ሌላ አማራጭ ስለሆነ ነው።

በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ዛፎች ሲቆረጡ መንደሩ ተጠራርቶ ወጣና መሣሪያዎቹን አስቆመ። ከዚያ በኋላ በወይራው መካከል ቀንና ሌሊት ጥበቃ ቆመ። ድንኳን ተተከለ፣ እሳት ተቀጣጠለ፣ ሻይ ተጣደ፣ ተራ ወጣ። ከጠባቂዎቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ነበሩ። በዚያ የወይራ ለቀማ ወቅት የቤት ሥራው፣ ከብቱ፣ ለቀማውና ጥበቃው በአንድ ላይ እንዴት ተቻለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወደ ትምባሆው ዘመን ይመለስ። በሌሊት መነሣት፣ ሥራን በተራ መከፋፈል፣ የጎደለውን ቤት በጎረቤት መሙላት የዕድሜ ልክ ልምዳቸው ነበር። ትግሉን የመራ ድርጅት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ጠበቆችና ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅት ጉዳዩን ፍርድ ቤት አድርሰውታል፣ ድምፁንም አሰምተዋል። ሌሊቱን እዚያ ያሳለፉት ግን መንደርተኞቹ ናቸው፤ ያንን ያስቻላቸውን ነገር ማንም ከውጭ ሊያመጣላቸው አይችልም ነበር።

ሙህታሩ ከመሐላቸው ነበር። ሙህታር ማለት ሕዝቡ ለአምስት ዓመት የሚመርጠው የመንደር ሹም ነው፤ ከሽማግሌዎች ጉባኤ ጋር ይሠራል፣ ማኅተም ይይዛል፣ የመንግሥትን ቃል ለመንደሩ፣ የመንደሩን ቃል ለመንግሥት ያደርሳል። ሴቶች ሙህታር መምረጥና መመረጥ የቻሉት በ1933 ነው፤ ለብሔራዊው ምክር ቤት ከመምረጣቸው በፊት በመንደራቸው ጉዳይ ድምፅ አግኝተዋል። በይርጃ ግን ነገሩ ሁሉ በተገለበጠበት ዓመት የሙህታሩ ሥልጣንም ተቀንሶ ነበር። ቁጥሩ 6360 የሆነው የ2012 ሕግ ማኒሳን ጨምሮ በርካታ ክፍላተ ሀገራትን ታላቅ ከተማ አደረጋቸው። ከመጋቢት 30 ቀን 2014 የአካባቢ ምርጫ ጋር በእነዚህ ግዛቶች ያሉ ከ16,000 በላይ መንደሮች የሕግ ሰውነታቸውን አጥተው የከተማ ሰፈር ተባሉ። የሕግ ሰውነት የሌለው መንደር በራሱ ስም ንብረት አይዝም፣ በራሱ ስም በጀት የለውም፤ ግጦሹ፣ ቦታውና የጋራ ቤቱ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወይም ወደ ሌላ የመንግሥት አካል ይዛወራል። የ1924ቱ ሕግ የመንደር መሠረት ያደረገውን የጋራ ሀብት፣ የ2012ቱ ሕግ በአንድ የምርጫ ቀን ከሥሩ ነቀለው። በይርጃ ከዛፎቹ በፊት የተቆረጠው ይህ ነው፤ ማንም ግን ፎቶግራፍ አላነሣውም።

ኅዳር 7 ቀን ዓርብ ነበር። ሳይነጋ ከኩባንያው ጋር የመጡ የግል ጥበቃ ሠራተኞች በድንኳኑ ያሉትን ሰዎች ከበቡ። ከመንደርተኞቹ የተደበደቡ፣ እጃቸው በካቴና የታሰረ፣ ከቦታው በኃይል የተወሰዱ እንደነበሩ ራሳቸው ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ጠባቂዎቹ ሰውን ሲያግዱ መሣሪያዎቹ ወደ ዛፎቹ ገቡ። ብርሃን ሲሆን ወደ 6,000 የሚጠጋ የወይራ ዛፍ ወድቆ ነበር፤ ብዙው ፍሬውን እንደያዘ። መንደሩ እየጮኸ ወጣ። አንዳንዶቹ ሴቶች ከወደቀው ቅርንጫፍ ላይ ፍሬውን መልቀም ጀመሩ። ምን ያድርጉ? የዓመቱ ዘይት ነው፤ መሬት ላይ ከቀረ ይበላሻል።

ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ዳኒሽታይ፣ ማለትም የቱርክ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ስድስተኛ ችሎቱ የአስቸኳይ ማስለቀቁን ውሳኔ አፈጻጸም እንዳገደ ተሰማ። መንደርተኞቹ ረትተው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው አባባል ለዚህ ቀን የተነገረ ይመስላል።

የጉዳዩ አስኳል እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍርድ ቤቱ ትክክለኛውን ነገር ወስኗል፤ ሕጉም ለመንደሩ ነበረ። ነገር ግን ክስ ቀርቦ እስኪታይ፣ ተወስኖ እስኪጻፍ፣ ተጽፎ ለወገኖች እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ መጋዙ እንዳይነካ የሚያግድ ምንም አልነበረም። በገንዘብ ክርክር ቢሆን ይህ ክፍተት በወለድ ይካካስ ይሆናል። በዛፍ ጉዳይ ግን የክፍተቱ ተጠቃሚ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ለቆራጩ የሚያስከትለው ቅጣትና ካሳ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ ወገን ለምን በዚያ ሌሊት ቸኮለ ብዬ ስጠይቅ፣ ከዚህ ሌላ ምክንያት አላገኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጣቢያው በይርጃ ወይራ ቦታ ላይ አልተሠራም፤ ፕሮጀክቱ በዚያው ወረዳ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ከተለያዩ ከተሞች የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከመንደርተኞቹ ጋር ሆነው አዲስ የወይራ ችግኝ ተከሉ።

የሴቶቹ ነገር ግን ቶሎ የሚታለፍ አይደለም። የይርጃ ሴቶች ከዛፎቹ መቆረጥ በኋላ የጋራ ማምረቻ ቤት አቋቁመው ከወይራ ዘይት ሳሙና እየሠሩ መሸጥ ያዙ። የወይራ ሳሙና በኤጂያን መንደሮች አዲስ ነገር አይደለም፤ ለምግብ ያልሆነው ዘይት ከሶዳ ጋር በብረት ድስት እየተማሰለ፣ በሰሌዳ ላይ ፈስሶ፣ ተቆርጦ፣ ለሳምንታት አየር እያገኘ የሚደርቅበት የቤት ሙያ ነው። አዲሱ ነገር ሙያው ከየቤቱ ወጥቶ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ የሒሳብ መዝገብ፣ በመንደሩ ስም መሸጡ ነው። ሕጉ ከይርጃ የወሰደው የጋራ ንብረትን ነበር፤ ሴቶቹ አዲስ የጋራ ንብረት ሠሩ። ትንሽ ናት፤ የ6,000 ዛፍን ገቢ አትተካም፤ ወጣቱን ከጉድጓዱ ሁሉ አታስቀርም። ነገር ግን ቀድሞ ትምባሆ ለመሰካት የተቀመጡት እጆች እንደገና በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ገንዘቡም በዚህ ጊዜ ወደ ራሳቸው እጅ ይገባል። በትምባሆው ዘመን ዋጋ የተደራደሩት ወንዶች እንደነበሩ ስናስብ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ስለ መንደሯ ጠባይ ከዚህ ሁሉ የምወስደው እንዲህ ነው። የገበሬ መንደርን ስናነሣ ብዙ ጊዜ ጽናቷን ለወግ አጥባቂነት፣ ለመሬት ፍቅር፣ ለሃይማኖት እንሰጣለን። እነዚህ በይርጃም አሉ፤ በቁርአን በበለስና በወይራ የተማለ መሆኑን የማያውቅ ሰው እዚያ የለም። ነገር ግን ይርጃ ዛፎቿን ለመጠበቅ ሌሊት ለሌሊት ስትቆም የተጠቀመችበት መሣሪያ ከዚህ የቀረበና የሚጨበጥ ነው፤ ዕዳን በሥራ መመለስ፣ ተራ መጠበቅ፣ የጎረቤትን ማሳ እንደ ራስ ማወቅ። ይህ የሥራ ልምድ እንጂ በደም የሚወረስ ነገር አይደለም። ትምባሆው እንደጠፋ እርሱም ሊጠፋ ይችል ነበር፤ ወይራው ባይመጣ፣ ሁሉም በየግሉ ወደ ጉድጓዱ በወረደ ነበር። ለዚህ ነው በወይራዎቹ መቆረጥ ላይ ከገቢው መጥፋት የበለጠ የምቆጨው ነገር ያለኝ፤ ሰዎችን በዓመት አንድ ወቅት በአንድ ማሳ ላይ የሚያገናኛቸው ሥራ ነው የተነካው።

በ2020 በወጣ ሌላ ሕግ የቀድሞ መንደሮች የገጠር ሰፈር የሚል ደረጃ እንዲጠይቁ ተፈቀደ፤ በታክስና በውሃ ክፍያ ቅናሽ ያገኛሉ። የጋራ ንብረታቸውን ግን አልመለሰላቸውም። ይርጃ ዛሬም ሙህታሯን ትመርጣለች፣ ነዋሪዎቿም ዛሬም መንደራችን ይላሉ።

ከይርጃ ትምህርት ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ሊደረግ የሚገባው ግልጽ ነበር፤ በዛፍ ላይ ክስ ሲቀርብ ዳኛው ነገሩን እስኪያይ ቆረጣው በሕግ ኃይል ወዲያው እንዲቆም ማድረግ፣ አንቀጽ 27ንም ለእውነተኛ አደጋ ብቻ መመለስ። የሄደው ግን በተቃራኒው ነው። በሐምሌ 2023 በሙላ ክፍለ ሀገር በኢኪዝኮይ መንደር አጠገብ ያለው የአክቤለን ደን ለከሰል ማዕድን ማስፋፊያ ሲቆረጥ፣ ለዓመታት ሲጠብቁት የኖሩት መንደርተኞች፣ አሁንም በብዛት ሴቶች፣ በጸጥታ ኃይሎች ታግደው አዩት። በሐምሌ 2025 ደግሞ የቱርክ ምክር ቤት ለኤሌክትሪክ የሚውል ከሰል ባለበት የወይራ ቦታ ማዕድን ማውጣት እንዲቻል፣ ዛፎቹም ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ የሚፈቅድ ሕግ አጸደቀ። በይርጃ የመጋዙ ሥራ ቢያንስ በፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ሊባል የሚችልበት በር ነበረ። በአዲሱ ሕግ ያ በር እንደ ቀድሞው አይደለም፤ የሚቀጥለው መንደር ጠበቃ ክሱን ከየት ጀምሮ እንደሚጽፍ አዲስ ማሰብ ይኖርበታል።